እከሌ

ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ ከዚራ፣ ፎቅ ቤት፤
ፋኑ ይዞራል እንጂ አይቀንስ ሙቀት።
የጤና ቢሮ ነኝ፣ ቁጥር ነው እንጀራዬ፤
የሰው ሁሉ ትኩሳት ያልፋል በገበታዬ።
ረድፉ ሳምንት ነው፣ ዓምዱ ጤና ጣቢያ፤
መጋላ፣ ለገሃሬ፣ ሳቢያን፣ ጀልዴሳ፣
ቢዮ አዋሌ መጨረሻ።

ድሮ እቀዳ ነበር።
ለመጋላ የጻፍኩትን ስድስት መስመር
ገልብጬ ለሳቢያን፣ ገልብጬ ለዋሂል፣
ስም እየፋቅሁ፣ ስም እየተካሁ፣ እስኪዝል ክንዴ፣
አሥራ አንድ ጊዜ፣ በየሐሙሱ። ታዲያ አንዴ
ከስድስቱ ባንዱ ስሙን ሳልፍቅ ቀርቼ፣
የመጋላን ትኩሳት ለሳቢያን ሰጥቼ፣
አጎበር የጫነው መኪና ተሳስቶ
ሳቢያን አደረ፣ መጋላን ትቶ።
ማንም አልተቆጣኝ፤ ማንም አላወቀ።
የቆጠቆጠኝም እሱ ነው።

አባቴ ምድር ባቡር ትኬት ቆራጭ ነበር።
መሳቢያው ውስጥ አንድ ጥራዝ ቅጽ ነበረው፦
«ከ . . . . . . እስከ . . . . . .»
ሽንሌ ወራጅ ቢመጣ፣ አይሻ ወራጅ ቢመጣ፣
ፍየል ጎትቶ ኤረር የሚወርድም ቢመጣ፣
ቅጹ ያው ነው፤ የሚለወጠው ነጠብጣቡ ላይ ያለው ብቻ።
«ለመንገደኛው ሁሉ የየራሱን ቅጽ ባሳትም፣» ይል ነበር፣
«ባቡሩ ባዶውን ይሄዳል።»

እኔም ነጠብጣብ ያለው ፈንክሽን ጻፍኩ።
ድምሩን፣ አማካዩን፣ ትልቁን፣ ትንሹን እንዲያወጣ አዝዤ፣
በዓምዱ ስም ቦታ «እከሌ» ብዬ፣
«ሂድ፣» አልኩት፣ «እከሌ ዛሬ ሳቢያን ነው።»
ሄደ። ሰንጠረዡን ከዳር እዳር ዞሮ
በቀይ ጽሑፍ መጣ፦
«እከሌ የሚባል ዓምድ የለም።»

ብቻዬን ሳቅሁ።
ስም የተጻፈበት ወረቀት አስይዘው ከፊራ የላኩት ልጅ፣
ወረቀቱን እንደጨበጠ፣ ሳይገልጠው፣
ከሽንኩርት ተራ እስከ ጨርቅ ተራ
«እከሌ! ኧረ እከሌ!» እያለ ሲጣራ፣
ሳቢያን መዳፉ ውስጥ በላብ እየራሰ።

«እቀፊው፣» አለ ረምዚ ከጀርባዬ።
የሙሸበክ ስኳር ጣቱ ላይ ተጣብቋል፤ ኪቦርዱን አልነካም፣
በአገጩ አሳየኝ።
«ግራ ሁለት ቅንፍ፣ ቀኝ ሁለት ቅንፍ፤
ስሙን ሳይሆን የያዘውን ማለትሽ እንደሆነ እንዲገባው።»
አቀፍኩት።
ሳቢያን መጣ። መጋላ መጣ። ለገሃሬ መጣ፣
ዋሂል እንኳ፣ ሁልጊዜ የሚዘገየው፣ መጣ።

ቢዮ አዋሌ ስንደርስ፦ «የለም።»
አማካይ የለም፣ ድምር የለም፣ ትልቅ ትንሽ የለም።
አንዲት ሐሙስ ባዶዋን ቀርታ
የአሥራ ሁለት ሳምንት ቁጥር ይዛ ወደቀች።
ባዶውን ዝለል የምትል ቃል አለች። ጻፍኳት።
ቁጥሩ አማረ።
ደመሰስኳት።
ዜሮ ማለት ማንም አልታመመም ነው፤
ባዶ ማለት ማንም አልነገረኝም።
«ስንት ባዶ እንዳለም ቁጠር» የሚል መስመር ጨምሬ
ስልክ አነሣሁ።

ሲስተር ፈርዶሳ ናት።
«ያቺ ሐሙስ? ወንዙ ሞልቶ ወረቀቱ ሳይሻገር ቀረ።
ሰባት ነበሩ።»
ዝም አለች።
«ከኔ ጋር ስምንት።»

ስምንትን አስገባሁ። አማካዩ ትንሽ ከፍ አለ፣
ሌላው ሁሉ እንደነበረ።
«መዝገብ ላይ ላስፍረው፣ ማን ልበል?» አለችኝ።
ስሜን ነገርኳት።
መስመሩ ይንኮሻኮሽ ነበር፤ ሰምታው ይሁን
ወይስ ነጠብጣቡን እንዳለ ትታው፣
አላውቅም።